«ሻጋታን እንጂ ከብት አይገድልም» ለተባልከው ወንድሜ

የተሁለደሬው ወንድማችን፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ቲማቲምህን ከሁለት ወር በላይ በየሳምንቱ ሰማያዊ አረንጓዴ ዱቄት በውኃ በጥብጠህ ረጭተሃል። ከመደቡ መካከል የታረመውን ሣር እናትህ ለበጎቹ ሲሰጡ ቆይተዋል። ባለፈው ሐሙስ አንዲቱ ቡና የመሰለ ሽንት ሸናች፤ ዓርብ ሞተች። ዱቄቱን የሸጠልህ ነጋዴ ደግሞ «ይህ ፀረ ፈንገስ ነው፤ ሻጋታን እንጂ ሰውም ከብትም አይገድልም» አለህ።

ነጋዴው ሙሉ በሙሉ አልዋሸህም። ከብዙዎቹ የነፍሳት መርዞች ጋር ሲተያይ አብዛኛው ፀረ ፈንገስ በዕለቱ አይገድልም። «በዕለቱ» የምትለዋን ቃል ግን ውጧታል። በእንስሳት ጤና ሥራ በደቡብ ወሎ ወረዳዎች አሥራ ሦስት ዓመት ዞሬያለሁ፤ ብዙ ጊዜ የተጣላሁት ከዚህች ከተዋጠች ቃል ጋር ነው።

ከበጓ ልጀምር። እንዲህ ያለ ቀለም ያለው ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ መዳብ አለበት። ከቤት እንስሳት መካከል ደግሞ መዳብን የበግ ያህል የማይችል የለም። የምትበላውን ጉበቷ ያጠራቅመዋል፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ምንም ምልክት ሳይታይባት ትሰነብታለች። ጉበቱ ሞልቶ መዳቡ ወደ ደም የፈሰሰ ዕለት ቀይ የደም ሴሎቿ ይፈርሳሉ፣ ሽንቷ ይጠቁራል፣ ዓይኗ ቢጫ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትሞታለች። ላምና ፍየል ከበግ ይልቅ ይችሉታል። ስለዚህ «ያንኑ ሣር የበላች ላማችን ደህና ናት» ማለት ስለ በጓ የሚያስረዳው ነገር የለም።

ቃሉ ወረዳ ውስጥ መስኖ ያላቸው አንድ አባት ጠርተውኝ ነበር። በጓ ከመንጋው ተነጥላ፣ ራሷን ደፍታ አጥሩ ሥር ቆማለች። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ሳብ አድርጌ ሳየው እንደ እርድ ቢጫ ነው። ከእግሯ ሥር አቧራው ላይ የቡና አተላ የተደፋበት የሚመስል እድፍ አለ። አባት ቢላዋ ይዘው «ሳትሞትብኝ ልባርካት» ይላሉ። ታረደች። ኩላሊቷ እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ ጠቁሯል፤ ጉበቷ ቢጫ ነው። ሥጋውን እንዳይበሉት ስለምን ግማሽ ቀን ፈጀሁ። መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ሁለት ወር ሙሉ የበላችው ሣር ነው፤ መርዝ ቢሆን ያኔውኑ በገደላት!»

ጥቁር ወይም ቀይ ሽንት ከሌላ በሽታም ይመጣል፤ ስለዚህ የቀሩትን በጎች ባለሙያ ይያቸው። በድንገት የሞተን እንስሳ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ራስህ አትክፈተው። ከዚያ ሣር ግን ዛሬውኑ አርቃቸው። ገና ሳይታመሙ በጉበታቸው የተከማቸውን መዳብ የሚቀንስ መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም እጅ አለ፤ ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ በኋላ የሚተርፉት ጥቂት ናቸው።

ወደ ሰው ልምጣ። እኛ አገር ድንቹንም «ምች መታው» እንላለን፤ ሰውየውንም «ምች መታው» እንላለን። ድንቹን ምች የመታበት ገበሬ ማንኮዜብ የሚባል ፀረ ፈንገስ ያለበትን ቢጫ ዱቄት በባዶ እጁ በጥብጦ፣ ነፋስ እየመለሰበት ሲረጭ ይውላል። ማታ ራሱን ሲፈልጠው፣ ዓይኑ ሲቀላ፣ ክንዱን ሲያሳክከው ዳማ ከሴ ይታሽለታል። ዳማ ከሴን አልነቅፍም፤ እናቴ በእርሱ አሽተው አሳድገውኛል። ያ ሰው ግን አስቀድሞ የሚያስፈልገው ልብሱን አውልቆ ገላውን በሳሙና መታጠብ ነበር። ማንኮዜብ ቆዳና ዓይን ከማስቆጣቱ ሌላ ሲፈራርስ ኢትሊን ታዮዩሪያ ወደሚባል ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ይህም እንቅርት የሚያወጣውን ዕጢ ሥራ ያውካል። ምግብ ሲበስል በሙቀት ይኸው ለውጥ ስለሚከሰት፣ ቲማቲሙ ድስት ከመግባቱ በፊት በደንብ መታጠብ አለበት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 የማንኮዜብን ፈቃድ ላለማደስ ሲወስን ካቀረባቸው ምክንያቶች መካከል የሆርሞን መታወክና በፅንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይገኙበታል። ነፍሰ ጡር ሚስት ያለህ ሰው፣ ለመርጫው ውኃ የምታመላልሰው እሷ አትሁን።

«ለዶሮ ሰጥቼ አየሁት፤ ምንም አልሆነችም» የሚል ብዙ ሰው አጋጥሞኛል። ኢራቅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1972 የሆነውም ይኸው ነው። ከውጭ የገባ የስንዴ ዘር ሜርኩሪ ባለበት ፀረ ፈንገስ ታሽቶ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ገበሬው በማያነበው በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ነው። አንዳንዱ ለዶሮና ለበግ ሰጥቶ ቀናት ጠበቀ፤ አልሞቱም። ሌላው በውኃ አጥቦ ቀለሙ ሲለቅለት መርዙም አብሮ የለቀቀ መሰለው። ዳቦ ጋገሩት። ምልክቱ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው፦ መጀመሪያ እጅና እግር መደንዘዝ፣ ቀጥሎ መንገዳገድ፣ ከዚያም የዓይን መጥፋት። በይፋ በተመዘገበው 6,530 ሰው ሆስፒታል ገባ፤ ከእነዚህ 459 ሞቱ። ጎተራ በሚራቆትበት ክረምት የታሸ ዘር አጥቦ የሚፈጭ ቤት በእኛም አገር አይቻለሁ፤ ረሃብ የከረጢት ጽሑፍ አያነብም።

ለዘር ማሻ ከሚውሉት መካከል ታይራም የሚባል አለ። ዶሮ ብትለቅመው ወዲያው ላትሞት ትችላለች፤ እንቁላሏ ግን ቅርፊቱ ልል ይሆናል፣ የጫጩት እግር ይበላሻል። ታይራም ሲያሽ የዋለ ሰው ማታ ጠላ ከጠጣ ደግሞ ሰውነቱ አልኮሉን መጨረስ ያቅተዋል፤ ፊቱ በርበሬ ይመስላል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ያስመልሰዋል። አንድ ጎረቤቴ በሁለት ጣሳ እንዲህ ሆኖ ጠላ ሻጯን «መርዛኛለች» ብሎ ሊከስ ነበር።

ቀፎ ያላችሁም ስሙ። ፕሮፒኮናዞልን የመሰለ የስንዴ ዋግ መድኃኒት ብቻውን ንብን ቶሎ አይጥልም። ድካም ለመቀነስ ከፀረ ነፍሳት ጋር በአንድ በርሜል ሲቀላቀል ግን ንቧ መርዙን የምታፈርስበትን አቅም ይዘጋባታል።

እናንተ ቤት የታመመ ሰው ካለ የዱቄቱን ከረጢት ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አትሮፒን የሚባለው መርፌ ለአንዳንድ የነፍሳት መርዞች ማርከሻ ነው፤ ለዚህ አይሆንም፤ ሐኪሙም ይህን የሚለየው ስሙን ሲያነብ ነው። ወተት ማርከሻው አይደለም፤ ጣት ጉሮሮ ከትቶ ማስመለስም ጉዳት ይጨምራል።

አንተም የከረጢቱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። የበጓን ሥጋ ምን እንዳደረጋችሁት አልጻፍክም። ጉበቷ ቤት ውስጥ ካለ ለውሻም አትስጡት፤ ቅበሩት።