የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቤትና ሰፈርን በእንግሊዝኛ ማስተዋወቅ

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አጠገብ በ150 ካሬ ላይ ያረፈ ጂ ፕላስ ዋን ቤት አለኝ። ከአሜሪካ ለሚመጡ ሰዎች ላከራየው ፈልጌ «ሳሎን፣ ሰርቪስ፣ ሰፊ ኮምፓውንድ» ብዬ በእንግሊዝኛ ማስታወቂያ አወጣሁ። የሚደውለው ሁሉ ግራ ይጋባል። ምኑን ላስተካክል?

መልስ፦ መጀመሪያ «ሳሎን»ን ያውጡት። እንግሊዝኛ አንባቢ ቃሉን ሲያይ የሚመጣለት የፀጉር ቤት ነው፤ «ሊቪንግ ሩም» ይበሉ። «ሰርቪስ»ም ክፍል መሆኑ አይገባቸውም። ከጓሮ ያለችውን ክፍል «ኤ ሴፓሬት ሩም ቢሃይንድ ዘ ሜይን ሃውስ» ብለው ይግለጿት፤ መታጠቢያ ካላት «ዊዝ ኢትስ ኦውን ባዝሩም» ይጨምሩ። «ኮምፓውንድ»ን ናይሮቢ ወይም ሌጎስ የኖረ ሰው እንደኛው ይረዳዋል፤ ለአሜሪካዊ ግን ዘበኛ የቆመበት የብዙ ቤቶች ቅጥር ሊመስለው ይችላል። ለእሱ «ፌንስድ ያርድ» ይሻላል።

«ጂ ፕላስ ዋን» የማይገባው የአዲስ አበባ ደላላ የለም፤ አሜሪካ ውስጥ ግን እንዲህ አይባልም። «ቱ ስቶሪ ሃውስ» ብለው ይጻፉ። የፎቅ ቁጥርም ያጣላል፦ በእንግሊዝ «ፈርስት ፍሎር» እንደኛው ከግራውንድ በላይ ያለው ነው፤ በአሜሪካ ግን ራሱ ግራውንዱ ነው። ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ክፍሉ ታች መስሎት ቀብድ ሊከፍል ይችላል። «አፕስቴርስ» እና «ዳውንስቴርስ» ይገላግላሉ።

ካሬው ላይ የበለጠ ይጠንቀቁ። የቃላቱ ቅደም ተከተል «150 ስኩዌር ሚተርስ» ነው። ብዙ ሰው «ሚተር ስኩዌር» እያለ ያገላብጠዋል፤ በእንግሊዝኛ ግን «4 ሚተርስ ስኩዌር» ሲባል እያንዳንዱ ጎኑ 4 ሜትር የሆነ፣ ማለትም 16 ካሬ የሆነ ቦታ ማለት ሊሆን ይችላል። አሜሪካውያን በስኩዌር ፊት ስለሚያስቡ በ10.76 ያባዙላቸው፤ 150 ካሬ 1,614 ይሆናል። ይህ ግን የቦታው ስፋት ነው፤ የሁለቱ ፎቅ የወለል ስፋት ተደምሮ ለብቻው ካልተጻፈ የቤቱ ስፋት አድርገው ይወስዱታል።

ለሰፈሩ «ኦን ዘ አውትስከርትስ ኦቭ አዲስ አበባ» ይጻፉ፤ «ኢን» አይደለም። «አውትሳይድ አዲስ አበባ» ካሉማ ከከተማው አስወጡት፣ ቱሉ ዲምቱ ግን አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ነው። «አራውንድ ቱሉ ዲምቱ» ደላሎች የሚወዷት አባባል ናት፤ ሁለት ኪሎ ሜትርም ብትርቅ ትሸፍናለች። «ኒር ዘ ቱሉ ዲምቱ ራውንድአባውት» ብለው የእግር መንገዱን በደቂቃ ይጨምሩ። የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻ እዚያው ስለሆነ፣ ለባለመኪና ተከራይ እሱንም መጥቀስ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ የካ አባዶ ያለችውን ስቱዲዮዬን «ናሮው» ብዬ ጻፍኩ፤ ልክ ነው? ማዕዘን ላይ ያለውንስ ሱቅ «ኢን ዘ ኮርነር» ልበል?

መልስ፦ «ጠባብ» የምንለው ትንሹንም ቀጭኑንም ነው፤ «ናሮው» ግን ቁመቱ ረዝሞ ወርዱ ላነሰው ነው፣ እንደ ኮሪደር። ስቱዲዮዋ አራት ማዕዘን ከሆነች «ስሞል» ወይም «ኮምፓክት» ትባላለች። «ክራምፕድ» መፈናፈኛ የለም ማለት ስለሆነ ማስታወቂያ ላይ አያስገቡት። ሱቁ የመንገድ ማዕዘን ላይ ስለሆነ «ኦን ዘ ኮርነር» ነው፤ «ኢን ዘ ኮርነር» ክፍል ውስጥ ጥግ ላይ ለተቀመጠ ፍሪጅ ነው። ማብሰያው የራሱ ክፍል ከሌለው ደግሞ «ኪችን» ሳይሆን «ኪችኔት» ይበሉት፤ አለዚያ ተከራዩ መጥቶ የወጥ ቤቱን በር ይፈልጋል።