ማርሚታውን ከመቀየርህ በፊት የጭስ ቧንቧው የት እንደሚነካ ፈልግ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት፤ የኔን መኪና ታሪክ የጻፍክ ነው የመሰለኝ። ያገለገለች የ2007 ስሪት ራቭ ፎር ገዝተሃል። ባለ 2.4 ሞተር፣ አውቶማቲክ። ጠዋት ከደብረ ብርሃን ስትነሳ ምንም የላትም። ጫጫን አልፈህ በ80 ስትነዳ ግን ከሥር «እምምም» የሚል ጆሮ የሚደፍን ድምፅ ይጀምራል፣ ወንበሩም ይነዝርሃል። መካኒኩ «ማርሚታው አልቋል፣ ይቀየር» ብሎሃል፤ የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን ሳጥን ማለቱ ነው። ልቀይረው ወይ ነው ያልከው።

ገና አትቀይረው። መጀመሪያ የጭስ ቧንቧው የመኪናዋን አካል የሚነካበት ቦታ ይኑር አይኑር እወቅ። ይህን የምልህ ሁለት ጋራዥ ከፍዬ ምንም ካላገኘሁ በኋላ ነው።

እኔም የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለሥራ በሳምንት ሁለቴ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። የዛሬ አምስት ዓመት የ2003 ስሪት ራቭ ፎር በደላላ ገዛሁ። ሞተሯ ደህና፣ ቀለሟ ደህና። ሞቅ ስትል ግን ሞተሯ በደቂቃ 2000 ዙር ላይ ያንተው ዓይነት ድምፅ ትጀምራለች። የመጀመሪያው ጋራዥ የኋላውን ማርሚታ አውጥቶ ከላሜራ የተሠራ ገጠመልኝ። ድምፁ ወፈረ እንጂ አልጠፋም። ሁለተኛው ጋራዥ «ችግሩ የመሐለኛዋ ትንሿ ማርሚታ ናት» ብሎ ቆርጦ ጣላትና በቦታዋ ባዶ ቧንቧ በየደ። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ውስጥ መነጋገርም አልተቻለም። የባሰው ደግሞ፣ አዲስ አበባ ደርሰን በተመለስን ቁጥር ባለቤቴን ራሷን ያማት ጀመር። የመንገድ ድካም ነው አልን። ድካም አልነበረም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መላው የተገኘው ደብረ ሲና ላይ ነው። ምሳ ልበላ ስቆም አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ድምፁን ሰምተው መጡ። መፍቻ አላነሱም። «አስነሳት እስቲ ልጄ» አሉኝ። አስነሳሁ። «ፍሬኑን ርገጥና ዲ ላይ አስገባ።» አስገባሁ፤ መኪናዋ አጓራች። «አሁን ሪቨርስ።» ድምፁ ቀጥ አለ። ራሳቸውን ነቀነቁና ጆንያ አንጥፈው ከሥር ገቡ። ትንሽ ቆይተው «ና እየው» አሉኝ። እኔም ተከተልኳቸው።

የመኪናዋ ሥር ዝገትና የደረቀ ጭቃ ነው። በዚያ መሐል፣ የኋላ እግሮቹን በሚሸከመው ብረት ላይ፣ የሳንቲም ስፋት ያላት ነጥብ እንደ መስታወት ታበራለች። ፊት ለፊቷ ቧንቧው ላይም አቻዋ አለች። ሁለቱ ብረቶች ለወራት ሲፋተጉ ኖረው ዝገቱን ጠርገውታል። ትንሽ ወደ ኋላ፣ ቧንቧውን የሚያንጠለጥለው ጎማ ተበጥሶ በቦታው እጥፍ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ሽቦው ቧንቧውን ወደ ላይ ስቦ ብረቱ ላይ አሳርፎታል። ዲ ላይ ሞተሩ ወደ አንድ ጎን ሲጋደል ቧንቧውን ይዞ ይጫነዋል፣ ሪቨርስ ላይ ወደ ሌላው ጎን ሲጋደል ይለቀዋል። ነገሩ ይኸው ነበር። ሽቦውን አውጥተው ማንጠልጠያ ጎማ ገጠሙልኝ።

አሁን ለምን በ80 ላይ ብቻ እንደሚሰማህ ልንገርህ። ይህ ከገባህ የቀረውን ራስህ ትፈልገዋለህ። ያንተም የኔም ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር ነው። በአንድ ዙር ሁለቴ ጭስ ይገፋል። በደቂቃ 2000 ሲዞር በሰከንድ ወደ 67 ጊዜ ማለት ነው። ይህን ጆሮ የሚሰማው እንደ ወፍራም እምታ ነው፤ ያ «እምምም» ያልነው ድምፅ ማለት ነው። ቧንቧው በጎማ ሲንጠለጠል ጎማው ይህን ንዝረት ይውጠዋል። ብረት ለብረት ከተነካካ ግን ንዝረቱ ወደ ወለሉ ያልፋል፣ ወለሉና ጣሪያው ደግሞ እንደ ከበሮ ቆዳ ያጎሉታል። በአራተኛ ማርሽ በ80 ስትነዳ ሞተርህ በዚያው በ2000 ዙር አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም የሚቀንስልህ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ፈተና ድምፁ ሞተሩን ይከተላል ወይስ ጎማውን የሚለው ነው። ከጫጫ ወደ ሸኖ ሜዳው ላይ፣ መንገዱ ነጻ ሲሆን፣ ድምፁ በሚሰማበት ፍጥነት ያዛትና ማርሹን ወደ 3 አውርደው። ፍጥነቱ ያው 80 ነው፣ ዙሩ ግን ይጨምራል። ድምፁ ከጠፋ ወይም ከተለወጠ ነገሩ ሞተር፣ ቧንቧ ወይም የሞተር ጎሚኒ (ሞተሩ የሚቀመጥበት ላስቲክ) ነው። ምንም ካልተለወጠ ማርሚታውን እርሳው። ጎማህ በ80 ላይ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚዞረው። የጎማ ሚዛን ችግር ከሆነ መሪው ላይ እንደ መንቀጥቀጥ ታየዋለህ እንጂ እንደ እምታ አትሰማውም። ያንተዋ በአራቱም ጎማ የምትነዳ ከሆነች ወደ ኋላ የሚሄደውን ትራንስሚሲዮን (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያደርሰውን ዘንግ) እና መሐሉ ላይ ዘንጉን ይዞ የሚያዞረውን ኩሽኔታ አሳይ። የጎማ ኩሽኔታ ከሆነ ደግሞ መሪውን ቀስ ብለህ ግራና ቀኝ ስትለው ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል።

አደራ የምልህ አንድ ነገር አለ። አንዳንዱ ሰው «ኖርማል አድርገህ (ማርሹን አውጥተህ) ስማው» ይላል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ይህን እንዳትሞክረው። እዚያ መኪና የሚይዝልህ ማርሹ ነው፤ ፍሬን ብቻውን ሲግል አይዝልህም።

ጠዋት ድምፁ የለም፣ ጫጫ ሲደረስ ይመጣል ያልከው ትልቅ ፍንጭ ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ሦስት ሜትር የሚሆን የጭስ ቧንቧ በደንብ ሲግል አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ይጨምራል። ውርጭ ባደረበት ጠዋት በቧንቧውና በብረቱ መሐል ጣትህን የምታስገባበት ክፍተት ይኖራል። ሃያ ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ክፍተቱ የለም። መካኒኩ መኪናህን ያየው ከቆመች ካደረች በኋላ ከሆነ ምንም አላየም ብለህ አትቆጣው። በቀዝቃዛው ጊዜ የሚነካ ነገር የለማ! ስለዚህ የምትፈልገው የሚነካውን ቦታ ሳይሆን የነካበትን ምልክት ነው። የሚያበራ ነጥብ፣ የተላጠ ቀለም፣ ዝገት የሌለበት ጭረት።

ፍለጋውን መኪናዋ ቀዝቅዛ ራስህ ጀምረው። በክሪክ ብቻ አንስተህ ከሥር እንዳትገባ። ጠንካራ መቆሚያ አድርግበት፣ ወይ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ሂድ። የኋላውን ማርሚታ በእጅህ ይዘህ ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች ወዝውዘው። ለስለስ ብሎ መወዛወዝ አለበት። «ቀጭ» ካለ የሚነካው እዚያው ነው። ምንም ካልተንቀሳቀሰም በሽታ ነው፤ አንድ ቦታ ታንቋል ማለት ነው። ከዚያ ማንጠልጠያ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ቁጠር። የተሰነጠቀ፣ የተለጠጠ፣ ሽቦ የታሰረበት ካለ አውጣው። ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ቤትህ እስክትደርስ ያገለግላል፤ ሽቦ ግን ለአንድ ቀንም አያስፈልግም። በእኛ አገር ብርድ ደግሞ አሮጌ ጎማ ይደርቃል። ሲያዩት ደህና የሚመስል፣ በጥፍር ሲጫኑት ግን እንደ እንጨት የሆነ አጋጥሞኛል።

ብዙ ሰው የማያየው ቦታ ከፊት ያለው መገጣጠሚያ ነው። የፊተኛው ቧንቧ ከኋለኛው ጋር ሞላ ባላቸው ሁለት ቡሎኖች ይታሰራል። ሞላው የተቀመጠው ሞተሩ ሲነቃነቅ መገጣጠሚያው እንዲታጠፍ ነው። ሞላው ሲዝግ ጥለውት በተራ ቡሎን ጥርቅም አድርገው የሚያስሩ አሉ። ያኔ የሞተሩ እያንዳንዱ ንቅናቄ እስከ ኋላ ይሄዳል። ማርሚታውን አሥር ጊዜ ብትቀይር ይህ አይለቅህም።

የሞተር ጎሚኒውንም እንደ እኚያ አባት ፈትነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጥ)፣ ፍሬን ረግጠህ፣ ዲ እና ሪቨርስ እያፈራረቅህ አዳምጥ። ከፊትህ ሰው አታቁም። ድምፁ በአንዱ ኖሮ በሌላው ከጠፋ ሞተሩ ከቦታው ወርዷል ወይም ቧንቧው በአንድ በኩል ተጠግቷል። የኔ አንዱ ጎሚኒ ወርዶ ስለነበር ከሁለት ወር በኋላ ቀየርኩት፤ የቀረችው ትንሽ ንዝረት ያኔ ጠፋች።

ማንጠልጠያ ጎማዎቹን ስትቀይር ደግሞ መካኒክህን ይህን ለምነው። የቧንቧውን መገጣጠሚያዎች በሙሉ ያላላ። ቧንቧው በራሱ ክብደት ይንጠልጠል፣ ሞተሩ ለአፍታ ተነስቶ ይሥራና ቧንቧው ራሱ ቦታውን ይያዝ። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ ያጥብቅ። ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት ካጠበቀው ቧንቧው ተጣሞ ይቀራል። ይህ የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ነው። እኔ ለሁለቱ ማንጠልጠያ ጎማዎች ያወጣሁት ለላሜራው ማርሚታ ከከፈልኩት አሥር እጅ ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ባለቤቴ ራስ ምታት። ያን ቀን ከደብረ ሲና ወደ ላይ ስመለስ ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ መስኮቱን ከፍቼ ገባሁ። ያ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ግድግዳው የመኪናህን ድምፅ መልሶ ጆሮህ ላይ ያደርግልሃል። እምታው ጠፍቷል። በእሱ ፋንታ ግን ከዚያ በፊት ያልሰማሁት «ፕስ ፕስ ፕስ» የሚል ነገር ከወንበሬ ሥር መጣ። ባዶው ቧንቧ የተበየደበት ቦታ ያፈስ ነበር። በማግስቱ ሳየው ዙሪያውን ጥላሸት ለብሷል። በብርዱ መስኮት ዘግተን አዲስ አበባ ስንመላለስ ባለቤቴም፣ ከኋላ የሚተኙት ልጆቼም ያን ጭስ ሲስቡ ከርመዋል። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው ምልክቱ። ሲበዛ ይገድላል። ይህን ስጽፍልህ አሁንም ሆዴ ይረበሻል።

ስለዚህ እምታውን ባትፈልግ እንኳ ማፍሰሱን ዛሬውኑ ፈትሽ። ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ በየመገጣጠሚያውና በየብየዳው ላይ የሳሙና ውሃ ቀባ። አስነሳት። ሌላ ሰው በወፍራም ጨርቅና በጓንት የቧንቧውን ጫፍ ለአፍታ ይክደን። አረፋ የሚነፋበት ቦታ ያፈሳል። ጠዋት ስትነሳ ከኮፈኑ በኩል «ጭክ ጭክ» ብሎ ሞቅ ሲል የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር የሚገናኘው ቧንቧ ተሰንጥቋል ወይም በመሐላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮኑ፣ ተበልቷል፤ ብረቱ ሲሞቅ ስንጥቁን ስለሚዘጋው ነው የሚጠፋው። እስኪሠራ ድረስ መስኮት ዘግተህ አትንዳ። የኋላ በር ከፍተህ ዕቃ ጭነህም አትሂድ፤ ጭሱ ተስቦ ወደ ውስጥ ይገባል። ብየዳ ካስፈለገ ባትሪው ይነቀል፣ አለበለዚያ የመኪናዋን ኮምፒውተር ልታጣው ትችላለህ።

የሚንቀጠቀጥ የቀጭን ቆርቆሮ ድምፅ ካለ ሙቀት የሚከላከለው ሽፋን ቡሎኑ ተበልቶ ነው፤ በማሰሪያ ይያዛል፣ አያስጨንቅም። ካታሊስቱን (ቧንቧው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ) ቀዝቅዞ ሳለ በቡጢ መታ ስታደርገው እንደ ጠጠር ከተንኳኳ ግን ውስጡ ተሰባብሯል፤ ፍርስራሹ ወደ ኋላ ሄዶ ማርሚታውን ሊደፍን ይችላል።

አንድ የቀረ ነገር። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ሞተርህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ሳታውቀው ፔዳሉን ጠልቀህ ትረግጣለህ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ይታገላል፣ እምታውም ይበረታል። ሸዋ ሮቢት ወርደህ ድምፁ ቢቀንስልህ ተፈወሰች ብለህ እንዳትተዋት።

ማርሚታው ራሱ ተበሳስቶ ወይም ውስጡ ተፈትቶ ከተገኘ ያኔ ቀይረው፣ እኔም አልከለክልህም። መጀመሪያ ግን በ3ኛ ማርሽ ሞክረህ ውጤቱን እዚሁ ጻፍልኝ። እሁድ ከሰዓት ደግሞ ቤት ነኝ። ክሪክና አራት መቆሚያ አለኝ፣ ጆንያውም አለ። ይዘሃት ና፣ አብረን ገብተን እንያት።