አርክቲክ በሚዞር መርከብ ላይ ልቀጠር ወይ?

የጻፈችልኝ እህታችን 25 ዓመቷ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ከጎንደር ወጥታ ያደገችው ኖርዌይ፣ በርገን ነው። በጂኦሎጂ ተመርቃለች። አሁን በአንዲት ትንሽ መርከብ ላይ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር የሚቆይ የረዳት አስጎብኚነት ሥራ አግኝታለች። መርከቧ መቶ ያህል መንገደኛ ይዛ የምድር ሰሜን ጫፍ በሆነው አርክቲክ መጀመሪያ ስቫልባርድ የተባሉትን የኖርዌይ ደሴቶች ትዞራለች፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ግሪንላንድ ታቋርጣለች። እናቷ ግን ነርሲንግ እንድትማር ነው የምትፈልገው። እሷ ራሷ ጎንደር ላለችው አክስቷ በየወሩ ገንዘብ ትልካለች። ብርዱና ማዕበሉም ያሰጋታል። እኔን ይዞ ያስቀረኝ ግን ይህ አንቀጽ ነው፦ «ልጅ ሆኜ የፋሲል ግንብ አጠገብ ፈረንጆች ሳይጠይቁኝ ፎቶ ያነሱኝ ነበር። አሁን ፎቶ አንሺዎቹን ይዤ 350 ሰው የሚኖርባት መንደር ልገባ ነው። ይሄ የሚሠራ ሥራ ነው?»

እህቴ፣ የሚሠራ ሥራ ነው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ በጣም ያስፈልገዋል።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት አስጎብኚ ነበርኩ። ከላሊበላ እስከ ኦሞ ድረስ እንግዳ ይዤ ዞሬያለሁ። የኦሞውን ነገር ሳትሰሚ አትቀሪም። መኪኖች ይደረደራሉ፣ ሰዎቹ ተሰልፈው ይቆማሉ፣ ሒሳቡ በፎቶ ነው። እንግዳው አንዷን አንስቶ ቀጣይዋን ይመርጣል። የማንም ስም ሳይጠየቅ መኪናው ይነሳል። ላሊበላ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አይ ነበር። አንድ ባልደረባዬ እንግዶቹን በር ላይ አቁሞ ጫማ ያስወልቃቸዋል፣ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ያስከትታቸዋል፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ጥግ ይዘው እንዲቆሙ ያደርጋል። ሲወጡ ድምፃቸው ራሱ ዝቅ ይል ነበር። ቱሪስቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዳንዴም ያው ሰዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ልዩነቱ ከፊት የሚሄደው ሰው ላይ ነው።

350 ያልሻት መንደር ኢቶቆርቶርሚት መሆን አለባት። ስኮርስቢ ሰንድ የሚባለው ግዙፍ የባሕር ሰርጥ መግቢያ ላይ ናት። የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው፤ ነዋሪዎቿ ከደቡብ፣ ከአማሳሊክ አካባቢ በመርከብ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። ባሕሩ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በበረዶ ይዘጋል። የዕቃ መርከብ የሚደርሳቸው በበጋ ብቻ ነው። ስለዚህ አደን እዚያ መዝናኛ አይደለም፤ የምሳና የእራት ጉዳይ ነው።

እስቲ መቶ ሰው አንዴ ሲወርድባቸው አስቢው። ከመንደሩ ሕዝብ ሲሶ የሚጠጋ ነው። ቤቶቹ ደጃፍ ላይ የዋልታ ድብ ቆዳ በእንጨት ተወጥሮ ይደርቃል። ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ ሥጋም ተሰቅሎ ታያለሽ። ከእንግዶችሽ አንዷ አፍንጫዋን ትይዛለች። ሌላው ፊቱን አጨማዶ «ኧረ ያሳዝናል!» ይልሻል። ሥራሽ የሚጀምረው ያኔ ነው። የድብ አደኑ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በመንግሥት ኮታ እንደሚገደብ፣ የሚፈቀድላቸውም መተዳደሪያቸው አደን የሆነ የአገሬው ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ትነግሪያቸዋለሽ። በሰንሰለት የታሰሩት ውሾችም ተንሸራታች ጋሪ የሚጎትቱ የሥራ ውሾች ናቸው። እዚያ ሌላ ዝርያ ማስገባት ክልክል ነው። ቤቱ ውሻ የለመደ እንግዳ ሊደባብሳቸው እጁን ይሰዳል፤ ይነክሱታል።

ልጆቹ ደግሞ መርከብ ሲመጣ ወደ ዳር ይሮጣሉ። እኛም መኪና ስናይ እንሮጥ ነበር። እዚህ ላይ ከቡድኑ ሁሉ አንቺ ትበልጫለሽ። መንደር ከመግባታቸው በፊት ማታ ላይ ገለጻ ይደረግላቸዋል። ያን ገለጻ እኔ ልስጥ ብለሽ ጠይቂ። የፋሲል ግንቡን ነገር እንዳለ ንገሪያቸው። «ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ በሰው መስኮት አታጮልቁ» የሚል መመሪያ በወረቀት ይሰጣቸዋል፤ አንብበው ይረሱታል። ፊታቸው ቆማ «ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ» ያለቻቸውን ሴት ግን አይረሱም። ለዚህ ነው ያ ትዝታሽ ለሥራው እንቅፋት ሳይሆን መነሻ ነው የምልሽ።

ይህን ስልሽ ግን ዝም ብለሽ ፈርሚ ማለቴ አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ጉዞ እንግዳው የሚበላውም የሚተኛውም መርከቡ ላይ ነው። መንደሩ የሚያገኘው የእጅ ሥራ ሽያጭና ለአገሬው አስጎብኚ የሚከፈለው ነው። ያ ከሌለ ለመንደሩ የሚተርፈው መታየት ብቻ ነው። ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ላይ ጽሕፈት ቤት ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተ ኤኮ (AECO) የሚባል አርክቲክን በመርከብ የሚያስጎበኙ ኩባንያዎች ማኅበር አለ፤ ለመንደር ጉብኝትም መመሪያ አውጥቷል። ቀጣሪሽ አባል ነው ወይ? ከመምጣቱ በፊት መንደሩን ያስፈቅዳል? በዚያው ቀን ሌላ መርከብ ካለ ምን ያደርጋል? አብረው የሚያስጎበኙ የመንደሩ ሰዎች አሉ? ስንት ይከፈላቸዋል? ከቡድኑ ውስጥ ግሪንላንዳዊ አለበት? እነዚህን ጽፈሽ ላኪላቸው። «ወርደን ዞር ዞር ብለን እንመለሳለን» ካሉሽ አትፈርሚ። ሌላ መርከብ አይጠፋም።

አንድ ነገር እዚሁ ላይ ልጨምር። እንግዳ ናርዋል የሚባለውን ዓሣ ነባሪ ረጅም ጥርስ ወይም የድብ ጥፍር ይገዛና ይዞ ሊሄድ ይነሳል። ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም። አየር ማረፊያ ላይ ሲወረስበት የሚያማርረው በአንቺ ነው፤ ቀድመሽ ንገሪው።

ስቫልባርድ ከዚህ ይቀላል። እዚያ የሚያስቸግርሽ ደንቡ ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከ200 በላይ መንገደኛ የያዘ መርከብ ለተፈጥሮ ጥበቃ በተከለሉት ቦታዎች ሰው ማውረድ አይችልም። ትንንሾቹም ቢሆኑ እዚያ የሚወርዱት በተፈቀዱ 43 ቦታዎች ብቻ ነው። ከዋልታ ድብ ቢያንስ 300 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፤ ከማርች እስከ ጁን መጨረሻ ደግሞ 500። ዛፍ የሚባል ነገር ስለሌለ ድንጋዩ ራቁቱን ነው። የተማርሽው ጂኦሎጂ የሚፈለገው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ወደ እናትሽ ልምጣ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይዞ ሰው አገር ሕይወትን ሀ ብሎ መጀመር ምን እንደሆነ ይገባኛል። አከብራታለሁ። ነገር ግን ነርስነት የድካሟ ክፍያ አይደለም። ሳይወዱ ነርስ የሆኑ የሐበሻ ልጆች ይጽፉልኛል። ደመወዛቸው ደህና ነው፣ ጠዋት መነሳቱ ነው የሚያቅታቸው። እሱ ደግሞ ለበሽተኛውም አይበጅም። ለነገሩ ትምህርቱ የትም አይሄድም፤ ኖርዌይ ውስጥ ማመልከቻው በየዓመቱ እስከ ኤፕሪል 15 ነው። ይህንኑ ቀኑን ጠቅሰሽ ንገሪያት። ሥራሽን ሳታየው «ልጄ ጀልባ ላይ ናት» ማለት ሊያሳፍራት ይችላል። የሥራ ልብስሽን እንደለበስሽ ከመርከቡ ላይ በቪዲዮ ደውይላት።

ገንዘቡን በግልጽ እንነጋገር። የአራት ወር ደመወዝ ዓመት አያዘልቅም። ብዙ አስጎብኚዎች አርክቲክ ሲዘጋ ከኖቬምበር እስከ ማርች አንታርክቲካ ይሠራሉ፤ ለጀማሪ ግን ዋስትና የለውም። ስለዚህ ለአክስትሽ አሁኑኑ ደውይላትና «የምልከው ይቀንሳል» በያት። ትቀየማለች፣ ይለፍላት። ለመላክ ብለሽ ግን አትበደሪ። ውጭ አገር ያለ ልጅ በክሬዲት ካርድ ቤተሰብ ሲረዳ ማየት ሰልችቶኛል፤ ወለዱን የሚከፍለው ብቻውን ነው።

ውሉን ስታነቢ መርከቧ የየት አገር ባንዲራ እንደምታውለበልብ እዪ። የኖርዌይ ካልሆነች የኖርዌይ የሥራ ሕግ ሁሉ ይከተለኛል ብለሽ አትተማመኚ። እንደ ባሕር ሠራተኛ ተቆጥረሽ እንደሆነም ጠይቂ። ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ያዛል፤ ሠራተኛውን ለቅጥር ገንዘብ ማስከፈልም ይከለክላል። ክፍያሽ በቀን ነው በወር? ከስቫልባርዷ ከተማ ከሎንግየርቢየን መመለሻ ትኬቱ በማን ነው? ኢንሹራንሱስ?

ማዕበሉ ኪኒን አለው፤ ብርዱን አንቺ የበርገን ልጅ ትችይዋለሽ። የደኅንነት ልምምዱን ግን ከልብሽ ያዢው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ኦሽን ኤክስፕሎረር የተባለች መርከብ 206 ሰው ይዛ ሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ ውስጥ ጭቃ ላይ ተቀምጣ ቀርታ ነበር። ከቀናት በኋላ በሌላ መርከብ ተጎትታ ወጣች፤ ሕይወት አልጠፋም። እዚያ ቶሎ የሚደርስልሽ ሰው እንደሌለ ከዚህ እወቂው። ከመርከቡ ወደ የብስ ወደምታደርሰው የላስቲክ ጀልባ እንግዳ ስታወርጂም መዳፍ አትያዢ። አንቺ የሱን ክንድ ከአንጓው በላይ ትይዣለሽ፣ እሱም ያንቺን። የረጠበ ጓንት ያሙለጨልጫል፣ ክንድ ለክንድ የተያያዘ ግን አይላቀቅም። ይህን ከመሄድሽ በፊት ከወንድምሽም ከጓደኛሽም ጋር ቤት ውስጥ ተለማመጂው።

ጥያቄዎቹን በዚህ ሳምንት ለኩባንያው ላኪ። መልሳቸው ሲመጣ ከውሉ ጋር አድርገሽ ስደጂልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ለእንግዶቹ የምትናገሪውንም ከጻፍሽው ጨምሪበት።