ድመቷ የአበባ መትከያው ላይ ስትጸዳዳ

እህቴ፣ «ድመቴ የሳሎን አበቦቼን ሽንት ቤት አደረገቻቸው፣ ምን ይሻለኛል?» ላልሽው፣ እኔም ቤት ነበረ። ድመት ልቅ አፈር ካገኘች ትቆፍራለች፤ ብትቆጫት ትርፉ ድካም ነው። መጀመሪያ የላይኛውን አፈር ጥለሽ በአዲስ ተኪው። ሽታው ካለ ትመለሳለቻ! ከዚያ ላዩን እንቁላል በሚያካክሉ ድንጋዮች ሸፍኚው። እኔ ደቃቅ ጠጠር አድርጌ፣ በአንድ ሌሊት ጭራ ጭራ ምንጣፉ ላይ በተነችው። ውሃ ስታጠጪ በድንጋዮቹ መሃል ይገባል፣ አታስቢ። የራሷን የአሸዋ ሳጥን ደግሞ በየቀኑ አጽጂላት። የቡና አተላና ናፍታሊን የሚሉሽን አትስሚ፤ ለድመት መርዝ ናቸው። ሽንት ጠብ ሳይላት እየደጋገመች የምታምጥ ከሆነ ግን ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጃት።