በረዶ በሌለበት አገር የበረዶ ግግር ማጥናት ያዋጣል ወይ?

«አርባ ምንጭ የአራተኛ ዓመት የሃይድሮሊክ ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ግሪንላንድ ላይ በበጋ የሚቀልጠው ውሃ የበረዶውን ግግር እንዴት እንደሚያፈጥነው የሚያሳይ ቪዲዮ ካየሁ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀርቷል። የኔን ትምህርት ትቼ ጂኦሎጂ ከመጀመሪያ ልጀምር? አባቴ ‹በረዶ በሌለበት አገር ማን ይቀጥርሻል?› ይለኛል።»

እህቴ፣ የሚያስጨንቅሽን አስቀድሜ ልመልስ። ትምህርትሽን አትተዪ። ምክንያቱ ደግሞ ልብሽን የወሰደው ነገር ውስጥ ራሱ አለ፤ እሱን ላስረዳሽ።

የበረዶ ግግር በሁለት መንገድ ይጓዛል። በራሱ ክብደት እንደ ሊጥ ቀስ እያለ ይዘረጋል። ደግሞም ሥሩ ካለው አለት ላይ ይንሸራተታል። የበጋው ውሃ በዋናነት የሚነካው ይህን መንሸራተት ነው። ላዩ ላይ የቀለጠው ውሃ ጅረት ሠርቶ፣ ሐይቅ ሠርቶ፣ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ሲያገኝ ወደ ታች ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2006 ክረምታችን ላይ፣ በነሱ በጋ ማለት ነው፣ ምዕራብ ግሪንላንድ ውስጥ 44 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የያዘ ሐይቅ በአንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ውስጥ ተሟጦ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚወፍር በረዶ ውስጥ ወርዷል። እስኪ አካፍይው። በሰከንድ ከ8 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ነው።

ብዙ ሰው ውሃው እንደ ዘይት አለቱን አሟልጮት ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ነገር ግን ግፊት ነው። ይህን አንቺ ታውቂዋለሽ። የግድብ ኮርስ ላይ አፕሊፍት ተምረሻል። ከግድቡ ሥር የሰረገው ውሃ ኮንክሪቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ክብደቱን ይቀንስበታል፣ ግድቡ እንዳይንሸራተት የያዘው ኃይልም ያንሳል። ግግሩም ያው ነው። በረዶ ከውሃ የሚቀለው በአንድ አስረኛ ገደማ ነው። ስለዚህ 1000 ሜትር በሚወፍር በረዶ ውስጥ ውሃው 900 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከቆመ፣ የበረዶውን ሸክም ብቻውን ሊሸከም ተቃርቧል። ያኔ ግግሩ አለቱን ነክሶ የያዘበት ጥርስ ይላላል።

ይህ በወረቀት ብቻ የቀረ አይደለም። አልሙት ኢከን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባልደረባዋ ጋር የስዊዘርላንዱን ፊንደለን ግግር እስከ ሥሩ በስታ የውሃውን ከፍታ ለካች። ውሃው ከፍ ሲል ግግሩ ይፈጥናል፣ ዝቅ ሲል ይዘገያል። ግሪንላንድ ላይ ደግሞ ስዊስ ካምፕ የሚባለው ጣቢያ አጠገብ የተተከለ ጂፒኤስ፣ በቀን 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዝ የነበረው በረዶ በሚቀልጥበት ወቅት እስከ 40 ገደማ ሲደርስ መዘገበ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲታተም ብዙዎች ደነገጡ። ቅልጠቱ በጨመረ ቁጥር በረዶው እየፈጠነ ወደ ባሕር ይወርዳል ብለው ሰጉ።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አዲስ አበባ ሰኔ ላይ የሚሆነውን አስቢው። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲወርድ ቱቦው ተደፍኖ ይቆያል። ውሃው መሄጃ ያጣና አስፋልቱን ይሞላዋል። ከግግሩ ሥርም በሙቀቱ ወቅት መጀመሪያ እንዲሁ ነው። በብርዱ ወራት በረዶው በክብደቱ መተላለፊያዎቹን ጨፍኗቸዋል። ውሃው በትንንሽ ክፍተቶች ይጨናነቃል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ግግሩ ይፈጥናል። ሳምንታት ሲያልፉ ግን የሚፈሰው ውሃ በረዶውን ከሥር እያቀለጠ ሰፊ ቦይ ይከፍታል። ቦዩ ሲከፈት ግፊቱ ይወርዳል። ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ግግሩ አንዳንዴ ከብርዱ ወራት ባነሰ ፍጥነት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ግሪንላንድ፣ ጫፉ የብስ ላይ የሚያልቀውን የበረዶ ክፍል ለሠላሳ ዓመት ያህል በሳተላይት ተከታትሎ፣ ቅልጠቱ በጣም ጨምሮ ሳለ ፍጥነቱ 12 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ባሕር ውስጥ የሚያልቁት ግግሮች ታሪካቸው ሌላ ነው፤ እነሱን የባሕሩ ሙቀትም ይነካካቸዋል።

አየሽ? ጥያቄው «ስንት ውሃ ወረደ?» ብቻ አይደለም። «ውሃው በየት ወጣ? ቶሎ ወጣ ወይስ ታፈነ?» ነው። ይህ የሃይድሮሊክስ ጥያቄ ነው። የቱቦ ፍሰት፣ የግፊት መጠን፣ የጎርፍ ሞገድ። ጂኦሎጂ ከዜሮ ብትጀምሪ በእጅሽ ያለውን መሣሪያ ጥለሽ ሌላ ፍለጋ ትሄጃለሽ። የጂኦሎጂውን ጉድለት በሁለተኛ ዲግሪ ትሞይዋለሽ።

አሁን ወደ አባትሽ። ግማሹ ነገር እውነታቸውን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ «የበረዶ ግግር ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አታገኚም። ባሌ ሳነቴ ላይ ግግር የነበረው በአስር ሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ነው። አሁን ለኛ ቅርብ የሆኑት የኬንያ ተራራ፣ የኪሊማንጃሮና የርዌንዞሪ ናቸው፤ እነሱም እያለቁ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ ከመረጥሽ ከአገር መውጣትን አብረሽ መርጠሻል፣ ቢያንስ ለተወሰኑ ዓመታት። ይህን ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው።

ግን ሙያው ከምርምር ጋር ብቻ የታሰረ አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ ኤንጋብሬን በሚባል ግግር ሥር አለት ተፈልፍሎ ዋሻ ተሠርቷል። የቀለጠውን ውሃ ከግግሩ ሥር እየጠለፈ ወደ ኃይል ማመንጫ ይወስዳል። እዚያው፣ 200 ሜትር ያህል በረዶ ከላይ ተጭኖት፣ የምርምር ጣቢያ አለ። ግድብና ዋሻ የሚያውቅ ሰው እዚያ እንግዳ አይደለም። ቤት ብትመለሽም ያው ስሌት ለግድብ፣ ለጎርፍ፣ ለከርሰ ምድር ውሃ ይሠራል።

የመንገዱን ወጪ በተመለከተ፣ ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን ክፍያ ስለምታስከፍል «ነጻ ነው» የሚለውን የድሮ ወሬ አትመኚ። ለሁለተኛ ዲግሪ እንደ አውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስና እንደ ጀርመኑ ዳአድ ያሉ ስኮላርሺፖችን ተከታተይ። ኖርዌይና ስዊዘርላንድ ውስጥ የዶክትሬት ቦታ በአብዛኛው ደመወዝ ያለው ሥራ ነው፤ እንደ ማንኛውም ሥራ ማስታወቂያ ይወጣል።

ከዚያ በፊት ግን ራስሽን ፈትኚ። ቪዲዮ መውደድና ሥራውን መውደድ ይለያያሉ። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ የማትችዪ ከሆነ ዛሬ ጀምሪ። ናሳ የግግሮችን ፍጥነት ከሳተላይት አስልቶ አይቲኤስ ላይቭ በሚባል ፕሮጀክት በነጻ ያወጣል። ምዕራብ ግሪንላንድ ያለውን ራስል ግግር ምረጪና የጥቂት ዓመታት ፍጥነቱን በግራፍ አውጪ። ዳታው ክፍተት ይኖረዋል፣ ያናድድሻል፤ የሥራው ትልቁ ክፍል እሱ ነው። ሁለት ወር ሠርተሽበት ካልሰለቸሽ ያን ግራፍ ከሦስት መስመር ደብዳቤ ጋር ለፕሮፌሰሮች ላኪ። «ለበረዶ ፍቅር አለኝ» ብለሽ አትጻፊ። ፍጥነቱ የጨመረው በየትኛው ሳምንት እንደሆነ፣ ከዚያ መቼ እንደወረደና ለምን ይመስልሽ እንደሆነ ጻፊ።