ለፈጅር የምትነሺው ልጅ

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ በሕፃናት ማሳደጊያ ያደግሁ የ17 ዓመት ልጅ ነኝ። 11ኛ ክፍል ደርሻለሁ። ሰላት አላቋርጥም፤ ትምህርቱ ግን አልገፋ አለኝ። 18 ሲሞላኝ ከቤቱ እወጣለሁ። ኢማኔ ይበቃኛል ብዬ ትምህርቱን ትቼ ሥራ ብፈልግ ምን ይመክሩኛል?»

አብሽሪ ልጄ። አልገፋ ያለሽ ትምህርቱ ራሱ መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ። እናት ያለችው ልጅ ከፈተና ሲመለስ «እንዴት ሆነልህ?» የሚለው አያጣም። አንቺን ማን ይጠይቅሻል? ካማከርኋቸው የማሳደጊያ ልጆች መካከል ከቂርአት ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤት ያልራቁት ሲጸኑ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው። ምክንያቱ ጸሎቱ ብቻ አይመስለኝም፤ አንድ ቀን ሲቀሩ «የት ጠፋችሁ?» የሚል ሰው እዚያ አለ። ስለዚህ ቁርኣን የምታቀራሽን ሴት በየሳምንቱ የሒሳብ ደብተርሽን እንድታይልሽ ለምኛት። ሒሳቡን ባታውቀውም ግድ የለም፤ ገጹ መሞላቱን ትመልከት።

ለፈጅር ትነሻለሽ። ሰግደሽ ግን ተመልሰሽ ትተኛለሽ፣ አይደል? የጦሳን ተራራ ብርድ ስለማውቀው አልፈርድብሽም። ብርድ ልብሱን እንደ ተከናነብሽ አርባ ደቂቃ ሥሪ። ያ ጸጥታ ልጆቹ ከተነሡ በኋላ አይገኝም።

«ኢማኔ ይበቃኛል» ያልሽውን ግን አልቀበልሽም። ባቲ ሰኞ ገበያ ግመሉን ሳያስር በአላህ የሚመካ ነጋዴ አላየሁም፤ ነቢዩም አስቀድመህ እሰራት ነው ያሉት።

ወደ ስሌቱ እንምጣ። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካመጣሽ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በወጪ መጋራት ማደሪያና ምግብ ይሰጥሻል፤ ክፍያው ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ነው። ከማሳደጊያ ለወጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከዲግሪው በፊት ጣሪያ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ደሴ አለልሽ፣ ኮምቦልቻም ሌላ ግቢ አለው። ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም፤ በ2014 ዓ.ም. ፈተና ያንን ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ካልሆነ ቴክኒክና ሙያ አለ፤ እዚያ ግን ማደሪያውን ራስሽ ትፈልጊያለሽ። ስለዚህ የቤት ኪራይ ለስንት ወር እንደሚችሉልሽ የማሳደጊያውን አስተዳዳሪ ዛሬውኑ ጠይቂ፤ የመውጫሽ ሳምንት ሲደርስ ሁሉም ይቸኩላል።

ስትጠይቂ ፋይልሽንም አስከፍቺ። የልደት የምስክር ወረቀትሽና የ8ኛ ክፍል ውጤትሽ ውስጡ አሉ? ከሌሉ ማሳደጊያው ገና አሳዳጊሽ ሳለ ያውጣልሽ። የቀበሌ መታወቂያ ልታወጪ ስትሄጂ የልደት ምስክር ወረቀቱን ሊጠይቁሽ ይችላሉ።