ጥያቄና መልስ፦ በሠርግ ግብዣ ላይ የመጠጥ መቅመሻ ጠረጴዛ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የታናሽ እህቴ ሠርግ ሊደርስ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ሙሽሮቹ በአዳራሹ አንድ ጥግ ውስኪ፣ ሩም፣ ጂንና ኮኛክ ተደርድሮ፣ እንግዳው እየተዘዋወረ በራሱ እጅ ቀድቶ የሚቀምስበት ጠረጴዛ እንዲኖር ይፈልጋሉ። 150 ያህል ሰው እንጠብቃለን። አባታችን ግን «ጠንካራ መጠጥ ያለ ተቆጣጣሪ ክፍት አይተውም» ብለው ተቃውመዋል። ሥጋታቸው ተገቢ ነውን? ስንት ጠርሙስ ይበቃል? ምን ምንስ ይቅረብ? ተከፍቶ የሚተርፈው መጠጥስ ይበላሻል? (የሙሽራዋ ታላቅ እህት)

መልስ፦ የአባትዎ ሥጋት ተገቢ ነው፤ የሙሽሮቹም ሐሳብ ቢሆን የሚጣል አይደለም። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው እንግዳው የፈለገውን በራሱ እንዲያነሳ፣ በብርጭቆው የሚቀዳው መጠን ግን አስቀድሞ ተለክቶ እንዲጠብቀው በማድረግ ነው። በጨዋታ መሀል ጠርሙስ አንስቶ ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ የሚቀዳ ሰው፣ ከሥር ሁለት ጣት ያህል ብቻ እንደቀዳ እየመሰለው 60 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። እንዲህ እያደረገ አራት ዓይነት የቀመሰ ሰው የጠርሙስ ሲሶ ያህል ጠጣ ማለት ነው፤ እሱ ግን «ቀመስኩ እንጂ አልጠጣሁም» ብሎ ከልቡ ያምናል።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ፊት 15 ሚሊ ሊትር ብቻ የተቀዳባቸው ትንንሽ ብርጭቆዎች ይደርደሩ። ከሥራቸው ሰፋ፣ ከአፋቸው ጠበብ ያሉት ሽታውን ሰብስበው ስለሚይዙ ለመቅመስ ይመረጣሉ። ጠርሙሱ ተከድኖ፣ ጽሑፉ ወደ እንግዳው ዞሮ ይቁም። አንድ አሳላፊ ከጠረጴዛው ሳይለይ ይቁምና ብርጭቆው ሲጎድል በመለኪያ እየቀዳ ይተካ፤ የተቀዳ መጠጥ ሲቆይ ሽታው ስለሚበን በአንድ ጊዜ ብዙ ባይቀዳ ይሻላል። አሳላፊ ከሌለ፣ በጠርሙሱ አፍ ላይ የሚገጠምና የተወሰነ መጠን ካፈሰሰ በኋላ በራሱ የሚያቆም መቅጃ አለ፤ ነገር ግን ደግሞ ደጋግሞ የሚዘቀዝቀውን ሰው ስለማይከለክል ሰውን አይተካም። እውነቱን ለመናገር፣ አሳላፊ ማቆም ካልቻላችሁ ጠረጴዛው ቢቀር እመርጣለሁ።

ወደ ስሌቱ ስንመጣ፣ ከ150ው እንግዳ ግማሹ ቢቀምስና እያንዳንዱ ሦስት ዓይነት ቢያነሳ፣ ለአንድ ሰው 45 ሚሊ ሊትር፣ በጠቅላላው 3.4 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ይህም ባለ 700 ሚሊ ሊትር አምስት ጠርሙስ ነው። አምስቱ ልዩ ልዩ ዓይነት ቢሆኑ ግን ብዙ ሰው የሚሽቀዳደምበት አንዱ ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ይበልጥ ይወደዳል ብለው ከሚገምቱት አንድ ሁለት ጠርሙስ ጨምረው ይያዙ። 45 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ መጠጥ 14 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው፤ 5 በመቶ አልኮል ካለው ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ በጥቂቱ ይበልጣል። ሰውነት በሰዓት የሚያስወግደው በአማካይ ከ7 እስከ 10 ግራም ስለሆነ፣ ሦስት ቅምሻ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ቡና መጠጣትም ይህን አያፋጥነውም። መኪና የሚነዳ እንግዳ ከጠረጴዛው ቢርቅ ነው የሚሻለው።

በአቀራረብ ረገድ ከአምስት ዓይነት በላይ መደርደር ምላስን ከማደናገር በቀር ጥቅም የለውም። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂድ፦ መጀመሪያ ጂን፣ ቀጥሎ ሩምና ኮኛክ፣ ከዚያ ለስላሳ ውስኪ፣ በመጨረሻም የጭስ ጣዕም ያለው ውስኪ። ጭሳሙ ከቀደመ ጣዕሙ አፍ ውስጥ ስለሚቆይ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ አይለይም። በየጠርሙሱ አጠገብ ስሙን፣ አገሩን፣ የአልኮል መጠኑንና የተሠራበትን የሚገልጽ አጭር ካርድ ይቀመጥ፤ ኮኛክ ከወይን ፍሬ፣ ሩም ከሸንኮራ አገዳ እንደሚሠራ፣ የስኮትላንድ ውስኪም ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል መቆየት እንዳለበት ማንበብ ለብዙ እንግዳ ጥሩ የወሬ መነሻ ይሆናል። ውኃ ሳይጨመርበት ከበርሜሉ እንደወጣ የታሸገ ውስኪ ብዙ ጊዜ ከ55 በመቶ በላይ ስለሚሆን ለእንዲህ ያለ ጠረጴዛ አይመረጥም።

ለጌጥ ብሎ መጠጡን ከራሱ ጠርሙስ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ግን በጭራሽ አይደረግ። ጂን በመስተዋት ማሰሮ ተቀድቶ ከውኃው ማሰሮ ጎን ሲቆም ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ የተጠማ ልጅ የትኛውን እንደሚያነሳ ማን ያውቃል? ውኃው በታሸገ ፕላስቲክ ቢቀርብ ይመረጣል። ውኃ ደግሞ የግድ ነው፤ በየቅምሻው መካከል አፍ ለማጥራትም፣ ውስኪው ላይ ጠብ አድርጎ ሽታውን ለመክፈትም ያገለግላል። በረዶ ግን ሽታውን ስለሚያፍን ለፈለገ ሰው ብቻ ይሰጥ። ቀምሶ ያልወደደው ሰው የሚደፋበት ዕቃም አይረሳ፤ እሱ ከሌለ ሰው ይሉኝታ ይዞት ይጨርሰዋል።

ጠረጴዛው የሚከፈተው ምግብ ከቀረበ በኋላ፣ የሚዘጋው ደግሞ ግብዣው ሊያበቃ አንድ ሰዓት ሲቀረው ይሁን። ሻማ አጠገቡ አይቁም፤ ባለ 40 በመቶ መጠጥ ሙቀቱ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ የሚያወጣው ትነት እሳት ሊይዝ ይችላል። ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊትም አዳራሹ ራሳችሁ ይዛችሁ የምትገቡትን መጠጥ መፍቀዱንና የአካባቢያችሁ ሕግ ፈቃድ መጠየቅ አለመጠየቁን አረጋግጡ።

የተረፈውን በተመለከተ አይጨነቁ። ጠንካራ መጠጥ በደንብ ተከድኖ ብርሃንና ሙቀት በሌለበት ቦታ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል፤ ጠርሙሱ እየጎደለ በሄደ መጠን ግን ውስጡ የሚገባው አየር ጣዕሙን ቀስ በቀስ ስለሚያደክመው፣ ከግማሽ በታች የሆነውን አስቀድማችሁ ጨርሱት። እንደ ወይን ጠጅ ማጋደም ግን አይገባም፤ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ወተት ወይም ክሬም ያለበት ሊከር (ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ) ከዚህ የተለየ ስለሆነ፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቀን ተመልክታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት።